የውሻ የምግብ አለርጂ

የውሻ የምግብ አለርጂ የውሻ በሽታ የመከላከል ሥርዓት በምግብ ውስጥ የሚገኝን፣ በተለምዶ ጉዳት የሌለውን ንጥረ ነገር (አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን) እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲዋጋው የሚፈጠር የጤና ችግር ነው። ዋነኛ ምልክቱ ማሳከክ ሲሆን በአንዳንድ ውሾች ላይ ተቅማጥና ማስታወክ ይጨመርበታል። አለርጂውን ከሥሩ የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ነገር ግን ችግሩን ያመጣው ምግብ ተለይቶ ከታወቀና ከውሻው ሳህን ከወጣ ብዙ ውሾች ያለ መድኃኒት ጤነኛ ሆነው ይኖራሉ። ከባዱ ሥራ መለየቱ ነው። የሚያሳክከው ውሻ ሁሉ የምግብ አለርጂ የለበትም፤ ያለበትንም ከሌላው የሚለይ አስተማማኝ የደም ምርመራ የለም። አስተማማኙ መንገድ 8 ሳምንት ያህል የሚቆይ ጥብቅ የማጣሪያ አመጋገብና ከዚያ በኋላ የቀድሞውን ምግብ መልሶ በመስጠት የሚደረግ ፍተሻ ነው።

ምንነቱና አመጣጡ

ምግብ ሲፈጭ ፕሮቲኖቹ ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ይሰባበራሉ። ጤነኛ አንጀት እነዚህን ቁርጥራጮች በየቀኑ እያገኘ መታገሥን ይለምዳል። አለርጂ ባለበት ውሻ ላይ ይህ ትዕግሥት ይፈርሳል። የመከላከል ሥርዓቱ ለአንድ የተወሰነ ፕሮቲን ፀረ እንግዳ አካላትን ወይም የተለዩ ነጭ የደም ሴሎችን ያዘጋጃል፤ ያ ፕሮቲን በተበላ ቁጥርም ብግነት ይነሣል። በሰው ላይ የምግብ አለርጂ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። በውሻ ላይ ግን ማሳከኩ ከሰዓታት እስከ ቀናት ሊዘገይ ስለሚችል የበላውንና የታየበትን ማገናኘት ያስቸግራል።

ብዙ የውሻ ባለቤቶች «ይህን ምግብ ለሦስት ዓመት ሲበላ ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ ምግቡ ሊሆን አይችልም» ይላሉ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውነት አለርጂ የሚያዳብረው ለሚያውቀው ነገር ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ትናንት የተገዛው አዲስ ምግብ ሳይሆን ውሻው ለወራትና ለዓመታት ሲበላው የኖረው ነው።

አለርጂ ከምግብ አለመስማማት ይለያል። ለምሳሌ ወተት ጠጥቶ የሚያስቀምጠው ውሻ ችግሩ በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መፍጨት አለመቻሉ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የመከላከል ሥርዓቱ የሚሳተፍበት ችግር አይደለም። መመረዝም ሌላ ነገር ነው፤ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል የሚያፈርሰው ውሻው አለርጂ ስላለበት አይደለም። በተግባር ግን አለርጂንና አለመስማማትን በምልክት ብቻ መለየት ስለማይቻል፣ ሐኪሞች ሁለቱንም የሚያጣሩት በአንድ ዓይነት የአመጋገብ ሙከራ ነው።

የስርጭቱን መጠን በተመለከተ በ2017 የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ በማንኛውም ምክንያት ወደ እንስሳት ሐኪም ከመጡ ውሾች መካከል የምግብ አለርጂ ያለባቸው ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በማሳከክ ምክንያት ከመጡት መካከል ግን ቁጥሩ ከ9 እስከ 40 በመቶ ደርሷል። ልዩነቱ ሰፊ የሆነው ክሊኒኮቹ የሚያዩአቸው ውሾች ስለሚለያዩ ነው። የጀርመን እረኛ፣ ላብራዶር፣ ጎልደን ሪትሪቨርና ዌስት ሃይላንድ ኋይት ቴሪየር ዝርያዎች በጥናቶች ላይ ተደጋግመው ይጠቀሳሉ፤ ይሁን እንጂ ከችግሩ ነጻ የሆነ ዝርያ የለም።

ምልክቶች

ማሳከኩ ብዙውን ጊዜ የሚያተኩረው በጆሮ፣ በመዳፍ፣ በፊት፣ በብብት፣ በብሽሽት፣ በሆድና በፊንጢጣ ዙሪያ ነው። ውሻው መዳፉን ሲልስ ያመሻል፤ ፊቱን ከምንጣፍ ጋር ያሻሻል፤ ቂጡን መሬት ላይ ይጎትታል። ነጭ ጸጉር ባለው ውሻ ላይ ምራቅ የሚደርቅበት ቦታ ወደ ቀይ ቡናማ ስለሚቀየር፣ ባለቤቱ ሲልስ ባያየው እንኳ መዳፉን አይቶ ማወቅ ይችላል። በአንዳንድ ውሾች ላይ ብቸኛው ምልክት እየዳነ የሚመለስ የጆሮ ኢንፌክሽን ነው።

የሆድ ምልክቶች ሊኖሩም ላይኖሩም ይችላሉ። ተቅማጥና ማስታወክ የሚታወቁ ቢሆኑም ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፈው በቀን ውስጥ ደጋግሞ መጸዳዳት ነው። ሰገራው ባይቀጥንም እንኳ ማሳከክ ያለበት ውሻ በቀን አራትና አምስት ጊዜ የሚጸዳዳ ከሆነ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ማሳከክ በራሱ የሚገድል በሽታ አይደለም፤ መዘዙ ግን ብዙ ነው። የታከከ ቆዳ ይቆስላል፤ በቆዳው ላይ በሰላም የሚኖሩት ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያና ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ አጋጣሚውን ተጠቅመው ይባዛሉ፤ እነሱ ደግሞ በራሳቸው ያሳክካሉ። ቆዳው እየወፈረና እየጠቆረ ይሄዳል፤ መጥፎ ሽታም ያመጣል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ውሻ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፣ ከሰው ይርቃል። ባለቤቱ የቆሸሸ መስሎት ደጋግሞ ያጥበዋል፤ ማጠቡ ለሁለት ቀን ያሳርፈዋል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

ፊቱ በድንገት ያበጠ ወይም መተንፈስ የቸገረው ውሻ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፈጣን ምላሽ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሲያጋጥም ግን ወዲያውኑ ሐኪም ዘንድ መወሰድ ይኖርበታል።

በቅድሚያ መጣራት ያለባቸው ሌሎች ምክንያቶች

ምግብ ከመቀየር በፊት ቁንጫ መጣራት አለበት። ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበትን ውሻ ጥቂት ንክሻ ለብዙ ቀናት ሊያሳክከው ይችላል፤ ስለዚህ በውሻው ላይ ቁንጫ አለመታየቱ ቁንጫ የለም ማለት አይደለም። ቀላል መፈተሻ አለ። ውሻው በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ይበጠርና የረገፈው ጥቁር ብናኝ በእርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ ይደረጋል። ብናኙ ቀይ ቡናማ ቀለም ከለቀቀ አፈር ሳይሆን የተፈጨ ደም ያለበት የቁንጫ ዐይነ ምድር ነው። ቁንጫ በአብዛኛው የሚያሳክከው ከወገብ በታች፣ በጅራት ሥር ሲሆን የምግብ አለርጂ ግን ወደ መዳፍ፣ ወደ ፊትና ወደ ጆሮ ያደላል። ይህ አመላካች እንጂ ማረጋገጫ አይደለም።

ሁለተኛው እከክ ነው። ሳርኮፕቲስ የተባለው ጥቃቅን ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረ ኃይለኛ ማሳከክ ያመጣል፤ ብዙ ጊዜ ከጆሮ ጠርዝና ከክርን ይጀምራል፤ ከውሻ ወደ ውሻ በፍጥነት ይተላለፋል። ወደ ሰውም ለጊዜው ሊያልፍ ስለሚችል ውሻውን የሚያቅፉ የቤተሰብ አባላት ማሳከክ ከጀመራቸው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ምግብ ሳይሆን እከክ ነው። ለእከክ ውጤታማ መድኃኒቶች ስላሉ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም ናፍጣ መቀባት አያስፈልግም፤ እነዚህ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ሲላሱም ይመርዛሉ።

ሦስተኛውና ለመለየት እጅግ አስቸጋሪው በአካባቢ ላይ ላሉ ነገሮች የሚፈጠር የቆዳ አለርጂ ነው። በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች፣ የአበባ ብናኝና ሻጋታ ያስነሡታል። ምልክቱ ከምግብ አለርጂ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በዐይን አይቶ መለየት አይቻልም። ማሳከኩ በዓመቱ ውስጥ በተወሰነ ወቅት ብቻ የሚመጣ ከሆነ ወደ አበባ ብናኝ ያመለክታል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ከቆየ ግን ምግብም አቧራም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በአንድ ላይ ያሉባቸው ውሾችም ጥቂት አይደሉም።

አለርጂ የሚያስነሡ ምግቦች

በ2016 የታተመ የጥናቶች ግምገማ በምግብ ፍተሻ አለርጂያቸው የተረጋገጠ 297 ውሾችን መረጃ ሰብስቧል። ከእነዚህ 34 በመቶ የሚሆኑት ለከብት ሥጋ፣ 17 በመቶ ለወተት ተዋጽኦ፣ 15 በመቶ ለዶሮ፣ 13 በመቶ ለስንዴ ምላሽ ሰጥተዋል። አኩሪ አተር 6፣ የበግ ሥጋ 5፣ በቆሎና እንቁላል እያንዳንዳቸው 4፣ የአሳማ ሥጋ፣ ዓሣና ሩዝ ደግሞ እያንዳንዳቸው 2 በመቶ አካባቢ ነበሩ። አንድ ውሻ ለሁለትና ለሦስት ምግብ አለርጂ ሊኖረው ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች የከብት ሥጋ በባሕርዩ መጥፎ ነው ማለታቸው አይደለም። ውሾቹ በሚኖሩባቸው አገሮች አዘውትረው የሚመገቡት ምን እንደሆነ ያንጸባርቃሉ። ውሾች በአብዛኛው በሌላ ሥጋ በሚያድጉበት ቦታ ዝርዝሩም ሊቀየር ይችላል።

እህልን በሚመለከት የተስፋፋው እምነት ከማስረጃው ጋር አይገጥምም። በሰንጠረዡ አናት ላይ ያሉት የእንስሳት ፕሮቲኖች ሲሆኑ ከእህል ጎልቶ የወጣው ስንዴ ብቻ ነው። «ውሻ ሥጋ በል ስለሆነ እህል አይስማማውም» የሚለውም በ2013 ይፋ በሆነ የዘረመል ጥናት ተዳክሟል፤ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚያመርተው ዘረመል በተኩላ ላይ 2 ቅጂ ብቻ ሲኖረው በውሻ ላይ ከ4 እስከ 30 ቅጂ ተገኝቷል። ውሻ ከሰው ጋር በኖረበት ዘመን የሰውን ማዕድ መፍጨት ተምሯል ማለት ነው። ለስንዴ ግሉተን በዘር የሚወረስ የአንጀት ችግር በአይሪሽ ሴተር ዝርያ ላይ መኖሩ የተረጋገጠ ነው፤ ይህ ግን የአንድ ዝርያ ጉዳይ እንጂ ለውሾች ሁሉ የሚሠራ ሕግ አይደለም።

የሚቀራረቡ እንስሳት ፕሮቲን እርስ በርሱ ሊመሳሰል ይችላል። የከብት ሥጋ፣ የበግ ሥጋና የላም ወተት የሚጋሯቸው ፕሮቲኖች እንዳሉ ታውቋል። በዶሮና በዓሣ መካከልም እንዲህ ያለ መመሳሰል ተገኝቷል። ስለዚህ ከከብት ሥጋ ወደ በግ ወይም ወደ ፍየል መዞር ብዙ ርቀት መሄድ ላይሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ውሾች የሚመገቡት የቤት ትራፊ ነው፦ እንጀራ በወጥ፣ ዳቦ፣ ከሥጋ ቤት የሚመጣ ትርፍራፊና አጥንት። እንዲህ ያለው ውሻ ጤፍን፣ ስንዴን፣ የከብት ሥጋን፣ ሽምብራንና ባቄላን አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ «አዲስ» ምግብ ሲፈለግ ይህ መታሰብ አለበት። በጾመኛ ቤት ደግሞ የውሻው ምግብ ከቤቱ ጋር አብሮ ይጾማል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ከአንድ የማጣሪያ ሙከራ ርዝመት ጋር ይቀራረባል፤ በእነዚያ ሳምንታት ከትራፊው ውስጥ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ይጠፋሉ፤ በፋሲካ በአንድ ጊዜ ይመለሳሉ። በሁዳዴ ማብቂያ ላይ ማሳከኩ ጋብ ብሎለት ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የሚብስበት ውሻ ካለ፣ ይህ ለሐኪሙ ሊነገር የሚገባው ጠቃሚ ፍንጭ ነው። ማረጋገጫ ግን አይሆንም፤ ውሻው በጾም ወቅት ከጎረቤት ግቢ አጥንት ያገኛል፣ የአየሩ ጠባይና የቁንጫው ብዛትም በእነዚህ ወራት ይለዋወጣል። የሽሮና የእንጀራ ትራፊም ለውሻ በቂ ፕሮቲን የሌለው፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የበዛበት ምግብ ስለሆነ ታስቦበት የሚሰጥ የሙከራ ምግብ መሆን የለበትም።

የደም፣ የምራቅና የጸጉር ምርመራ

በብዙ አገሮች በደም፣ በምራቅ ወይም በጸጉር ናሙና የውሻን የምግብ አለርጂ እንለያለን የሚሉ ምርመራዎች ይሸጣሉ። የደም ምርመራው ፀረ እንግዳ አካላትን ይለካል፤ ሆኖም ጤነኛ ውሾችም ለሚበሉት ምግብ ፀረ እንግዳ አካላት ስላሏቸው ውጤቱ የታመመውን ከጤነኛው አይለይም። የጸጉርና የምራቁ ምርመራ ከዚህም የባሰ ነው። በ2019 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች ከእውነተኛ ውሾች ናሙና ጋር ከአሻንጉሊት የተቆረጠ ሰው ሠራሽ ጸጉርና ምራቅ የሌለበት ፈሳሽ ቀላቅለው ልከው ነበር። አሻንጉሊቱም እንደ ውሾቹ ሁሉ የአለርጂ ዝርዝር ይዞ ተመለሰ። ለእንዲህ ዓይነቱ ምርመራ የሚወጣው ገንዘብ ለማጣሪያ አመጋገቡ ቢውል ይሻላል።

የማጣሪያ አመጋገብ

አሠራሩ ለመናገር ቀላል ነው፦ ውሻው ከዚህ በፊት ያልቀመሰው ወይም ሰውነቱ ሊያውቀው የማይችል ምግብ ብቻ ይሰጠዋል፣ ማሳከኩ መቀነሱ ይታያል፣ ከዚያ የድሮው ምግብ ተመልሶ ይሰጠዋል። በተግባር የሚከሽፈው «ብቻ» በሚለው ቃል ላይ ነው።

ምግቡ በሦስት መንገድ ሊገኝ ይችላል። የመጀመሪያው ቤት ውስጥ የሚዘጋጅ፣ አንድ አዲስ የፕሮቲን ምንጭና አንድ አዲስ የስታርች ምንጭ ያለው ምግብ ነው። የከብት ሥጋና እንጀራ ሲበላ ለኖረ ውሻ ዓሣና ድንች ወይም ዓሣና ስኳር ድንች ሊሆን ይችላል፤ ዶሮ ሲበላ ለኖረ ግን ከላይ በተጠቀሰው መመሳሰል ምክንያት ዓሣ የመጀመሪያ ምርጫ ላይሆን ይችላል። የግመል ሥጋ በሚገኝበት አካባቢ እሱም አንድ አማራጭ ነው። ምግቡ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ሽንኩርት ይቀቀላል፤ የዓሣው እሾህ በጥንቃቄ ይለቀማል። ሥጋ ለውሻ በጥሬው አይሰጥም። በተለይ የበግና የከብት ሳንባና ጉበት የሃይዳቲድ ቋጠሮ ሊኖርበት ይችላል፤ ጥሬውን የበላ ውሻ የትሉ ተሸካሚ ይሆንና በዐይነ ምድሩ ሰውን ይበክላል።

የቤቱ ምግብ ትልቁ ጉድለት ያልተሟላ መሆኑ ነው። ሥጋና ድንች ብቻ በቂ ካልሲየም፣ ዚንክና ቫይታሚን የላቸውም። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ ለሙከራው ሳምንታት ሊቋቋመው ይችላል፤ በማደግ ላይ ያለ ቡችላ ግን አጥንቱ ሊጣመምና ሊሰበር ስለሚችል ያለ ሐኪም ቀመር መሞከር የለበትም። ያረገዘችና የምታጠባ ውሻም እንዲሁ።

ሁለተኛው በሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የተሰባበረ ፕሮቲን ምግብ ነው። ፋብሪካው ፕሮቲኑን በኢንዛይም ሰባብሮ የመከላከል ሥርዓቱ እንዳያውቀው አድርጎ ያሳንሰዋል። ጥቅሙ የተሟላ መሆኑና ውሻው ቀደም ሲል የበላውን ሁሉ ማስታወስ አለማስፈለጉ ነው። ይሁን እንጂ የመሰባበሩ መጠን ይለያያል። በ2016 በታተመ አነስተኛ ሙከራ ለዶሮ አለርጂ ካላቸው 10 ውሾች መካከል 4ቱ በተሰባበረ የዶሮ ጉበት በተሠራው ምግብ ማሳከክ ተነሥቶባቸዋል፤ ይበልጥ በደቀቀ የላባ ፕሮቲን በተሠራው ግን በአንዱም ላይ አልተነሣም።

ሦስተኛው ከሱቅ መደርደሪያ የሚገዛና «አንድ ፕሮቲን ብቻ» ወይም «የተወሰነ ግብአት» የሚል ጽሑፍ ያለው ምግብ ነው። ይህ ለምርመራ የማይታመን ምርጫ ነው። በርካታ ጥናቶች በእንዲህ ዓይነት ምግቦች ውስጥ በማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የሌላ እንስሳ ፕሮቲን አግኝተዋል፤ በአንድ ማሽን ብዙ ዓይነት ምግብ ሲመረት መቀላቀሉ ያጋጥማል። ከአንዱ ምርት ወደ ሌላው በየወሩ የሚዘዋወር ባለቤት ብዙ ገንዘብ ያወጣል፣ መልስ ግን አያገኝም፤ የተለያየ ስም ያላቸው ከረጢቶች በውስጣቸው የያዙት ያንኑ ዶሮ ሊሆን ይችላል። ፕሮግራም ላይ ስህተት የሚፈልግ ሰው በአንድ ጊዜ አሥር መስመር ቀይሮ የትኛው እንደሠራ ማወቅ አይችልም፤ እዚህም ያው ነው።

አዲሱ ምግብ ሆድ እንዳያበላሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአሮጌው ጋር እየተቀላቀለ፣ መጠኑም እየጨመረ ይገባል። የ8 ሳምንቱ ቆጠራ የሚጀምረው አሮጌው ሙሉ በሙሉ ከወጣበት ቀን ነው። ለምን 8? በ2015 የታተመ ግምገማ እንዳሳየው የምግብ አለርጂ ካለባቸው ውሾች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እስከ 5ኛው ሳምንት ድረስ መሻሻል አሳይተዋል፤ ሙከራው እስከ 8 ሳምንት ሲራዘም ቁጥሩ ከ90 በመቶ አልፏል። ለሁለት ሳምንት ሞክሮ «አልሠራም» ብሎ መተው ሙከራውን አለማድረግ ነው። የሆድ ምልክቶች ግን ከቆዳው ቀድመው፣ ብዙ ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ይስተካከላሉ።

በእነዚህ ሳምንታት ወደ ውሻው አፍ የሚገባው ነገር ሁሉ ይቆጠራል። ሕፃናት ከጠረጴዛ ሥር የሚጥሉት ዳቦ፣ የድመቷ ሳህን፣ የሰፈር ቆሻሻ ገንዳ፣ ዘበኛው ምሳውን ሲበላ በፍቅር የሚያካፍለው ጉርሻ ሁሉም የሳምንታት ድካምን ያበላሻሉ። ብዙ ሰው የማያስባቸውም አሉ፦ ጣዕም የተጨመረባቸው የትል መድኃኒቶች፣ ከከብት ወይም ከአሳማ ጄላቲን የተሠሩ እንክብሎች፣ የሚታኘኩ አጥንቶችና ቆዳዎች፣ የውሻ የጥርስ ሳሙና፣ ክኒን ለመዋጥ የሚጠቀለልበት ሥጋ። የሌላ እንስሳ ዐይነ ምድር የሚበላ ውሻም ከዚያው ፕሮቲን ያገኛል። ግቢ ውስጥ ሌሎች ውሾች ካሉ ለሁሉም ያንኑ ምግብ መስጠት ወይም ለየብቻ ማብላት ይገባል። ስለዚህ ሙከራው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ በቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ እንግዳም ጭምር፣ ማወቅ አለበት። ለማባበያ ከዚያው ከሙከራው ምግብ ትንሽ ቀንሶ ማድረቅና በኪስ መያዝ ይቻላል።

ውጤቱን በትዝታ መመዘን አያዋጣም። ማሳከክ ቀስ ብሎ ስለሚቀንስ በየቀኑ አብሮ የሚውል ሰው ለውጡን ላያየው ይችላል። ሐኪሞች ከ0 እስከ 10 የሚሄድ መለኪያ ይጠቀማሉ፤ 0 ምንም የማያሳክከው፣ 10 ከማከክ በቀር ሌላ ነገር መሥራት ያቃተው ውሻ ነው፤ ጤነኛ ውሻ በአብዛኛው ከ2 አይበልጥም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰው የሚሰጥ ቁጥር፣ ከመዳፍና ከጆሮ ፎቶ ጋር ተያይዞ ቢቀመጥ በ8ኛው ሳምንት ክርክር አይኖርም። የውሻው ክብደትም አብሮ ይመዝገብ።

የቀድሞውን ምግብ መልሶ መስጠት

ማሳከኩ ከቀነሰ በኋላ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። የሚገባ ስሜት ነው፤ ያገገመ ውሻን እንደገና ማሳከክ ጭካኔ ይመስላል። ይሁን እንጂ መሻሻሉ ከምግቡ መሆኑን ይህ እርምጃ ካልተወሰደ ማወቅ አይቻልም። በእነዚያ 8 ሳምንታት ውስጥ ወቅቱ ተቀይሮ፣ ቁንጫ ታክሞ ወይም ኢንፌክሽን ድኖ ሊሆን ይችላል። ያለ ፍተሻ የቀረ ውሻ ዕድሜውን ሙሉ ውድ በሆነ ምግብ ላይ ያለ ምክንያት ሊቆይ ይችላል።

ፍተሻው የሚጀምረው የድሮውን ምግብ እንዳለ በመመለስ ነው። ምግቡ ምክንያት ከሆነ ማሳከኩ በብዙዎቹ ውሾች ላይ በመጀመሪያው ሳምንት፣ በቀሪዎቹ ላይ ከሞላ ጎደል በ2 ሳምንት ውስጥ ይመለሳል። ወዲያው ወደ ማጣሪያው ምግብ ሲመለስ እንደገና ይቀንሳል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የድሮውን በልቶ ምንም ያልሆነ ውሻ የምግብ አለርጂ የለበትም፤ ፍለጋው ወደ አካባቢ አለርጂ ይዞራል።

ማሳከኩ ከተመለሰ ሁለተኛው ዙር ይከተላል። ውሻው በማጣሪያው ምግብ ከተረጋጋ በኋላ በላዩ ላይ አንድ ግብአት ብቻ ይጨመራል፤ ለምሳሌ የተቀቀለ የከብት ሥጋ ለ2 ሳምንት። ካላሳከከው የከብት ሥጋ ነጻ ወጣ፤ ቀጥሎ ዶሮ፣ ቀጥሎ እንቁላል፣ ቀጥሎ ስንዴ እየተባለ ይቀጥላል። ካሳከከው ግብአቱ ወዲያው ይወጣል፤ ውሻው እስኪረጋጋ ድረስም ሌላ አይሞከርም። ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው። የሚያስገኘው ግን ለዚያ ውሻ ብቻ የሚሠራ ትክክለኛ ዝርዝር ስለሆነ ከዚያ በኋላ ምግብ መምረጥ ቀላል ይሆናል።

ከድንጋጤ ጋር የተያያዘ ፈጣን ምላሽ፣ ማለትም የፊት ማበጥ ወይም የመተንፈስ ችግር አሳይቶ የሚያውቅ ውሻ ይህን ፍተሻ በቤት ውስጥ ማድረግ የለበትም።

በሙከራው ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች

8 ሳምንት ለሚያሳክከው ውሻ ረጅም ጊዜ ነው። ሐኪሙ የባክቴሪያና የፈንገስ ኢንፌክሽኑን ያክማል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለማስታገሻ ስቴሮይድ ወይም ኦክላሲቲኒብ ሊያዝ ይችላል። ኦክላሲቲኒብ በአሜሪካ በ2013 ለውሾች የተፈቀደ፣ የማሳከክ መልእክት የሚተላለፍበትን መንገድ የሚያግድ ክኒን ነው። መድኃኒቱ ግን የምግቡን ውጤት ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከሙከራው ማብቂያ በፊት ቆሞ ውሻው በምግቡ ብቻ ተረጋግቶ መቆየቱ መታየት አለበት። ስቴሮይድ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ውሻውን ያስጠማዋል፣ ያስርበዋል፣ ቆዳውን ያሳሳል፣ ለስኳር በሽታም ያጋልጠዋል። ለሰው አለርጂ የሚሰጡት ፀረ ሂስታሚን ክኒኖች በውሻ ላይ የሚያሳዩት ውጤት ደካማ ነው፤ የውሻን ማሳከክ በዋናነት የሚያስነሡት ሌሎች የመልእክት ፕሮቲኖች ስለሆኑ ነው። ከቤት የመድኃኒት ሳጥን ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መስጠት ማሳከኩን አያስታግስም፤ ውሻውንም ሊገድል ይችላል።

ዘላቂ አመጋገብ

የውሻው ዝርዝር ከታወቀ በኋላ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የተሟላ ምግብ መፈለግ ይቀራል። በፋብሪካ የተዘጋጀ የተሟላ ምግብ ከተገኘ ቀላሉ እሱ ነው። ቤት ውስጥ እየተዘጋጀ የሚቀጥል ከሆነ ቀመሩ በእንስሳት ሥነ ምግብ ባለሙያ መሠራት አለበት። በ2013 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ይፋ የሆነ ጥናት ከመጻሕፍትና ከድረ ገጾች የተሰበሰቡ 200 የውሻ ምግብ አዘገጃጀቶችን መርምሮ 95 በመቶ የሚሆኑት ቢያንስ አንድ አስፈላጊ ንጥረ ነገር እንደሚጎድላቸው አግኝቷል። በየቀኑ የተለያየ ምግብ መስጠት ጉድለቱን ያካክሳል የሚለው ሐሳብም አልተደገፈም፤ ብዙዎቹ የሚጎድላቸው ያንኑ ንጥረ ነገር ነበር።

የዓሣ ዘይት ውስጥ የሚገኘው ኦሜጋ 3 ቅባት በተለይ የአካባቢ አለርጂ ላለባቸው ውሾች ቆዳ መጠነኛ እገዛ እንደሚሰጥ ይታወቃል፤ ውጤቱ ለመታየት ሁለትና ሦስት ወር ይፈልጋል። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ወይን፣ ዘቢብ፣ ቸኮሌትና በዛይሊቶል የጣፈጠ ማስቲካ ለማንኛውም ውሻ፣ አለርጂ ኖረበትም አልኖረበትም፣ መርዝ ናቸው። እህል የለሽ ተብለው የሚሸጡ ምግቦች ለማሳከክ መፍትሔ ተደርገው ይታያሉ፤ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በእነዚህ ምግቦች፣ በተለይ አተርና ምስር በበዛባቸው፣ እና ልብ እየሰፋ በሚደክምበት የልብ ጡንቻ በሽታ መካከል ሊኖር ስለሚችል ግንኙነት ምርመራ መጀመሩን አሳውቋል። ለስንዴም ሆነ ለበቆሎ አለርጂ እንደሌለበት በፍተሻ የተረጋገጠ ውሻ ከእህል የሚርቅበት ምክንያት የለውም።

አንድ ጊዜ የተፈጠረ የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ለዓመታት ተረጋግቶ የቆየ ውሻ እንደገና ማሳከክ ከጀመረው መጀመሪያ የሚጣራው ቁንጫ፣ ቀጥሎ ኢንፌክሽን፣ ከዚያ በቤቱ ውስጥ አዲስ የገባ ምግብ ወይም መድኃኒት ነው፤ ለአዲስ ፕሮቲን አለርጂ ተፈጥሮ እንደሆነ የሚጠየቀው እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ ነው።